ማንም ያላነሳው ምስል

አሶሳ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ለውዷ እህቴ፣ የአንድ ክፍል ጓደኛዬ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? የማንቡክ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ትምህርት ቤቱስ፣ ተማሪዎችሽስ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ባለፈው በስልክ ስንገናኝ ቆሞ ማስተማር እንደከበደሽ እየነገርሽኝ ሳለ ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ እኔም መልሼ አልደወልኩልሽም። ልደውል እችል ነበር። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም አለን። ልጄ መስከረም አሥራ ሁለት ዓመቷን ደፍናለች፤ ቁመቷ ትከሻዬን አልፎ የእኔን ጫማ ማድረግ ጀምራለች። ማንጎው ዘንድሮ ቅርንጫፉን እስኪሰብር አፍርቶ የሚበላው ጠፍቶ ግቢው ውስጥ እየወደቀ ነው። ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልሽ ሌላም ነገር አለብኝ። እሱን በስልክ መናገር አልቻልኩም። ድምፅሽን ስሰማ ወሬውን ወደ ሌላ እወስደዋለሁ። ወደ ሌላ ስወስደው አሥራ አምስት ዓመት ሆነኝ።

አትሳቂብኝ፤ ነገሩ የጀመረው በቴሌቪዥን ነው።

የድሮዋን ቴሌቪዥናችንን ታስታውሻታለሽ፤ ለመስከረም ክርስትና መጥተሽ ያየሻትን፣ ያቺን ጀርባዋ ትልቁን። በመጨረሻ ጎኗን መታ መታ ካላደረግናት ምስል አትሰጥም ነበር። የመስከረም አባት፣ ይገረም፣ ለስልጠና አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ ግድግዳውን የሚሸፍን አዲስ ቴሌቪዥን ይዞ መጣ። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየልን። መጀመሪያ ላይ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቀለሙ የሚበላ ይመስላል። በሁለተኛው ቀን ግን አንድ ነገር አላስቀምጠን አለ። ሰዎቹ ሲሄዱ እግራቸው መሬት የሚረግጥ አይመስልም፤ ዘይት በተቀባ ወለል ላይ ይንሸራተታሉ። መስከረም ኳስ ስታይ "ኳሷ ጭራ አወጣች" ትላለች። ይገረም ደግሞ የሚወዳቸውን የጦርነት ፊልሞች ከፍቶ "ኧረ እነዚህ ሰዎች እየተዋጉ አይደለም፤ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ድራማ እየተለማመዱ ነው" እያለ ይነጫነጫል። ሁሉም ነገር ከልክ በላይ ቅርብ ነው። ተዋናዮቹ የኛው ሳሎን ውስጥ የገቡ ይመስልሻል፤ ቤቱን ሳላስተካክል እንግዳ የመጣብኝ ያህል እደነግጣለሁ።

እንዲህ እያለ አንድ እሑድ መስከረም የሠርጋችንን ቪዲዮ በፍላሽ ሰክታ ከፈተችው። ሲዲው ሳይበላሽ በፊት ይገረም ያስገለበጠው ነው። ሦስታችን ተቀምጠን አየነው። ሟች አባቴ ሲመርቁ ሳይ አለቀስኩ፤ እጃቸው እውነት እጃቸው ነበር፤ ጅማቱ ሳይቀር ይታያል። ከዚያ ከቤት የምንወጣበት ጋ ደረሰ።

ቀኑን ታስታውሺዋለሽ። በዋዜማው ዘንቦ ግቢው ጭቃ ነበር። እኔ ይገረምን ክንዱን ይዤ ወደ መኪናው እሄዳለሁ። አንቺ ሚዜዬ ከኋላዬ ጎንበስ ብለሽ የቬሎዬን ጫፍ ከጭቃው ታነሺያለሽ። ይገረም ዞር ይላል፤ ከዚያ ፊቱን ይመልሳል። በቃ ይኸው ነው። በአሮጌዋ ቴሌቪዥን ስንት ጊዜ አይተነዋል! አንገቱ ወዲያ ቀጭ ወዲህ ቀጭ ይላል እንጂ ምንም የለውም፤ ሙሽራ በሠርጉ ቀን የማይዞርበት አቅጣጫ የለም። በአዲሱ ግን አንገቱ ቀስ ብሎ እንደ ውሃ ዞረ። ዓይኑ አንቺ ላይ ደረሰ። አረፈ። ቆየ። አንቺም ቀና ያልሽ መሰለኝ። ከዚያ ዓይኑ ሳይወድ ተነስቶ ወደ ፊት ሄደ። ሁለታችሁ እዚያው ከሶፋው አጠገብ የቆማችሁ ያህል ተሰማኝ።

መስከረም "እማዬ፣ ቬሎሽን ጭቃ ነካው?" አለችኝ።

"አልነካውም፤ አክስትሽ አነሳችልኝ" አልኳት። ይገረም ስልኩን እየነካካ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ አላርፍ አልኩ። የማስተምረው በጠዋቱ ፈረቃ ነው፤ ከሰዓት ቤቱ ባዶ ነው። ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ፍላሹን እሰካለሁ። ያቺን ቦታ ፈልጌ አያለሁ፤ ወደ ኋላ መልሼ እንደገና አያለሁ። ሪሞቱን በሹራቤ ኪስ ይዤ ወጥ ቤት እገባለሁ፤ ሽንኩርቱን ጥጄ ተመልሼ አያለሁ፤ ሽንኩርቱ ያራል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጨለማው የቴሌቪዥን መስታወት ፊት ቆሜ እጠብቃለሁ። የተማሪዎቹን ደብተር ሳርም የአንዱን ልጅ ሁለቴ አረምኩት፤ አስቢው፣ እኔ! ይገረም "ምን ሆነሻል? ቁጭ በይ እንጂ" ይለኛል። ቁጭ እላለሁ፤ ወዲያው እነሳለሁ።

አንድ ሳምንት እንዲህ ከሆንኩ በኋላ አልአሚንን ጠራሁት። ገበያው ጥግ ዲሽ የሚሠራውን የመንጌ ወረዳውን ሰው ታውቂዋለሽ፤ አሁን ጢሙ ሸብቷል። ለሴቱም ለወንዱም "አንተ" እንዳለ ነው፤ ከተማው ለምዶታል። ይገረም ምስሉ አስጠልቶታል ብዬ ነው ያስመጣሁት፤ እሱም እውነት ነው። አልአሚን ቆሞ ትንሽ አየና ሳቀ።

"እህት፣ ይሄ ቴሌቪዥን በሽታ የለውም፣ ወላሂ። ጎበዝ ሆኖ ነው፤ ጉብዝና በዝቶበት ነው" አለኝ።

ከዚያ አስረዳኝ። ካሜራ ማለት ፎቶ አንሺ ነው፤ በአንድ ሰከንድ ሃያ አምስት ፎቶ ያነሳል፤ እኛ ስናየው የሚንቀሳቀስ ይመስለናል። ይሄ አዲሱ ቴሌቪዥን ግን በሰከንድ መቶ ማሳየት ይችላል። ሃያ አምስቱ ስለሚያንሰው ከአንዱ ፎቶ እስከሚቀጥለው ያለውን ቦታ ራሱ እየሠራ ይሞላል። ሰውየው እዚህ ነበር፣ ቀጥሎ እዚያ ሆነ፤ ስለዚህ መሃል ላይ እንዲህ ሆኖ ነበር ማለት ነው ይልና ይሥላል።

"ያንን የመሃሉን ማን አነሳው ታዲያ?" አልኩት።

"ማንም አላነሳውም። ማሽኑ ገምቶ ነው።"

"ተሳስቶስ ቢገምት?"

"ይሳሳታል እንጂ! ለምን ኳሱ ጭራ ያወጣ ይመስልሃል?"

እህቴ፣ ያኔ የተሰማኝን ብነግርሽ ትታዘቢኛለሽ። ሰውየውን ልስመው ነበር። ማንም አላነሳውም! ያ ዓይን፣ ያ ቆይታ፣ ማሽኑ ከራሱ የፈጠረው ነው! አልአሚን ሪሞቱን ይዞ ማስተካከያው ውስጥ ገባና ሞሽን የሚለውን፣ ያን መሃሉን የሚሞላውን፣ አጠፋልኝ፤ ከልክ በላይ የደመቀውንም ቀለም መለሰው። ሰዎቹ እንደ ድሮው መሬት ረግጠው መሄድ ጀመሩ። እንዴት እንደሚጠፋና እንደሚበራ እንዲያሳየኝ ለመንኩት፤ ሦስት ጊዜ አሳየኝ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ጨመረልኝ፤ ሞሽኑን አጥፍቼ፣ ምስሉን አቁሜ፣ አንድ አንድ ፎቶ እያልኩ ብሄድ የሚመጣው ካሜራው ያየው ብቻ ነው። "ያ ላይ ማንም አይጨምርበትም" አለኝ።

ሁለት ሌሊት በሰላም ተኛሁ። ቤቴን አጸዳሁ፤ ከይገረም ጋር ሳቅን፤ መስከረምን ጸጉሯን ሠራኋት። በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እግሬ ራሱ ወደ ቴሌቪዥኑ ወሰደኝ። ለማረጋገጥ ብቻ ነው፤ አንዴ አይቼ ልተወው። አልአሚን እንዳለው አቁሜ አንድ አንድ እያልኩ ሄድኩ።

ዞር ከማለቱ እስከ መመለሱ አሥራ አንድ ፎቶ ነው። አንቺ ቀና አላልሽም። በአንዱም ላይ እሱን አላየሽውም፤ እሱ የማሽኑ ሥራ ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምታይው ጭቃውንና የእኔን ቬሎ ነው፤ ከንፈርሽን ነክሰሽ፣ ልክ ደብተር ስታርሚ እንደምትሆኚው። እሱ ግን አይቶሻል። በአምስቱ ፎቶ ላይ ዓይኑ አንቺ ላይ ነው።

ይህንን ችዬ ነበር። ያልቻልኩት ሌላውን ነው። ያን ሁሉ ቀን ሳየው አንዴም ራሴን አላየሁም ነበር። እኔም ፎቶው ውስጥ አለሁ፤ መሃላችሁ ቆሜያለሁ። በአምስቱም ላይ እኔ የማየው እሱን ነው፤ እሱ አንቺን ሲያይ። ደግሞ አልገረመኝም። አልተቀየምኩም። ፈተና ላይ ወረቀት ደብቆ መምህሩ በአጠገቡ ሲያልፍ የሚያይ ልጅ ታውቂያለሽ? አንቺም አስተማሪ ነሽ፤ ያንን ፊት በየዓመቱ ታይዋለሽ። የእኔ ፊት እሱ ነው። በነጭ ቬሎ፣ በአበባ።

አሁን ተነስቼ ውሃ ጠጥቼ መጣሁ። ካላቆምኩ እጨርሰዋለሁ።

ታኅሣሥ 2002 ነው። ኮሌጅ እያለን፣ ያቺን የቀርከሃ አጥር ያላትን ክፍል ተከራይተን ስንኖር። ይገረም የመሬት ቀያሽ ሆኖ ተቀጥሮ ከአጠገባችን የተከራየ ጊዜ። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነበርኩ፤ ይህን ላንቺም ለማንም ነግሬ አላውቅም። አንድ ቅዳሜ "የምነግርሽ ነገር አለኝ፣ ሻይ ልጋብዝሽ" አለኝ። ያንቺን ሰማያዊ ሻርፕ ተውሼ፣ ያንቺን ቅባት ተቀብቼ ሄድኩ። ምን ሊለኝ እንደሆነ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ሻዩን እያማሰለ ስላንቺ አወራኝ። ዓይን አፋር መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። "ጠይቂልኝ። ፈቃዷ ከሆነ ሽማግሌ እልካለሁ። ካልሆነም በጉርብትና እንዳላስቸግራት" አለኝ።

ቤት ስገባ ልብስ እያጠብሽ ነበር። "ምን አለሽ?" አልሽኝ እየሳቅሽ። "ስለ ቤት ኪራይ ነው" አልኩሽ። ሦስት ቀን ዝም አልኩ። በየጠዋቱ ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ እነሳለሁ፤ ይህን እንድታምኚኝ ብዬ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው። በአራተኛው ቀን ወደ እሱ ሄጄ "ቃል የገባችለት ሰው አላት" አልኩት። አመሰገነኝ፤ ልብ በይ፣ አመሰገነኝ። ከወር በኋላ አንቺ ማታ ራት እየበላን "ያ ቀያሹ ጨዋ ሰው ይመስላል፤ ብቻውን ነው?" ስትዪኝ "አገሩ እጮኛ አለችው" ያልኩሽም እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ አልጠየቅሽኝም። ከዓመት በላይ ቆይቶ እኔን ሲያጨኝ "እጮኛይቱን ተዋት እንዴ?" ብለሽ አቅፈሽ ሳምሽኝ፤ ለሚዜነት ማንም ሳይለምንሽ "እኔ ነኝ" አልሽ። በሠርጉ በወሩ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚሸሸውን ምደባ፣ ማንቡክን፣ ራስሽ ጠይቀሽ ሄድሽ።

በዚህም ቢያበቃ ጥሩ ነበር። መተከል በታመሰች ጊዜ፣ ስልክሽ ጠፍቶ ጠፍቶ ቡለን ከተፈናቃዮች ጋር ትምህርት ቤት ውስጥ መጠለልሽን ስንሰማ፣ ይገረም "እዚህ ትምጣ፤ መስከረም ክፍል ውስጥ አልጋ እንጨምራለን" አለ። "ጠይቄያታለሁ፤ ዘመዶቿ ጋ ትሄዳለች" አልኩት። አልጠየቅሁሽም። ያን ክረምት ሲሚንቶ ላይ ተኝተሽ ነው ወገብሽ የታመመው። ይህን የሰማሁት ከሰው ነው፤ አንቺ ነግረሽኝ አታውቂም።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ይገረምን ጠየቅሁት። ቪዲዮውን ከፍቼ፣ እዚያ ቦታ ላይ አቁሜ። "ይቺን ያየሃት ለምንድን ነው?" አልኩት። 

ቀረብ ብሎ አየው። ትንሽ አፈረ። ከዚያ "እውነቱን ልንገርሽ? ያ ቃል የገባችለት ሰው የቱ ነው ብዬ ነው" አለኝ። "ሠርጉ ላይ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ከማን ጋር እንደቆመች ልይ ብዬ ዞርኩ፤ ብቻዋን ነበረች፤ ያንቺን ልብስ ታነሳለች። አሳዘነችኝ።" ከዚያ ሪሞቱን ከእጄ ወስዶ ቴሌቪዥኑን አጠፋና፣ ልክ ስለ አየሩ እንደሚጠይቅ ሰው፣ "ለመሆኑ ያ ሰው የት ደረሰ? ለምን ሳያገባት ቀረ?" አለኝ።

"አላውቅም" አልኩት።

ማንም አልያዘኝም። እሱ ምሳውን በላ፤ መስከረምን ሒሳብ አስረዳት፤ ጫማውን ጠረገ። እኔ ከሳሎን ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ግቢ፣ ከግቢ ሳሎን ስመላለስ ዋልኩ። ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሦስት ጊዜ ሌላ ነገር ተናገርኩ፤ አንዱ ስለ ጨው ነበር። ያኔ ነው ከሁሉ በፊት ይህን መስማት ያለብሽ አንቺ መሆንሽ የገባኝ። እሱ የሚጠይቀው ጥያቄ አለው። አንቺ ግን ጥያቄም አልነበረሽም፤ እኔ ነኝ የወሰድኩብሽ።

ይቅርታ ልበልሽ ብዬ ጽፌ ሰርዤዋለሁ፤ ወረቀቱ ላይ የተሰረዘውን ታይዋለሽ። ቃሉ ትንሽ ሆነብኝ። እኔ እኮ አንቺ ላይ የደረሰውን ሁሉ ልቆጥረው አልችልም፤ የማውቀው ያየሁትን ብቻ ነው። ብትሰድቢኝ እቀበላለሁ። ደብዳቤውን ለፈለግሽው ሰው ብታነቢለት አልከለክልሽም። እኔ የደበቅሁትን አንቺ ደብቂልኝ ብዬ አልለምንሽም።

በፖስታ ቤት አልላክሁትም፤ በእጅ ይደርስሻል። የሚያመጣልሽ ሰው ለቅየሳ እናንተ ዳንጉር ወረዳ የሚቆየው ስምንት ቀን ነው። ፖስታው ታሽጓል፤ ምን እንዳለበት አያውቅም፤ የሰው ደብዳቤም የሚከፍት ሰው አይደለም። እያነበብሽ ሳለ ቁጭ እንዲል አድርጊ እንጂ በር ላይ አታቁሚው፤ ከመንገድ ሲመጣ እግሩ ያብጣል። ሻይ ስትሰጪው ስኳር አታድርጊበት። ግራ ጆሮው ደህና አይሰማም፤ የምትነግሪው ነገር ካለ በቀኙ በኩል ተቀመጪ። ቀስ ብለሽ ንገሪው። ስምንቱ ቀን ቢያልፍም ለምን ቆየህ ብዬ አልጠይቀውም።

እግዚአብሔር ወገብሽን ይማርልሽ። ደጅሽን ሰላም ያድርግልሽ፣ ከእንግዲህ የሚያፈናቅልሽ አይምጣ። ልጆች እንደ እናት የሚያዩሽ አስተማሪ አድርጎ ያኑርሽ። ከእኔ የተሻለ ሰው አጠገብሽ ያቁምልሽ።

መስከረም አክስቴን ሳሚልኝ ብላለች። እሷ የምታውቀው ነገር የለም።

ያንቺው የአንድ ክፍል ጓደኛሽ፣
እህቴ እያልሽ የኖርሽኝ